ቅጠል በምጽዋት ሳህን

ታዊን የሰደበችው እትዬ ላማይ ናት። ቀኑ የክረምት ሱባኤ የተያዘበት ማለዳ፣ ቦታው የብስክሌት ጠጋኙ ደጃፍ፣ የሰሙት ደግሞ ለመነኩሴው ምጽዋት ይዘው የተሰለፉ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ታዊ ቆጥሯቸዋል።

«ኧረ እዩልኝ! ለመነኩሴ ሣር! አንተ ታዊ፣ እዚህ የሰጠኸውን እኮ ነው በሚቀጥለው ሕይወትህ የምትበላው። ጎሽ ሆነህ ልትወለድ አስበህ ነው?»

አሥራ አንዱም ሳቁ። እሱ ከቦዩ የለቀመውን የውሃ ጎመን ቀቅሎ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ እንደያዘ ቀረ። የእሷ እጅ ላይ በኮኮናት ወተትና በስኳር የተጋገረ ጣፋጭ ነበር።

የመነኩሴውን የአባ ቻሩንን ዓይን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ከዳር ከዳር እየበላው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሐኪሟ ያለችውን በጆሮው የሰማ ግን በጀልባው አዩታያ ከተማ ድረስ የወሰዳቸው ታዊ ነው። ጠብታ አዘዘችላቸው። ክብደት ይቀንሱ፣ ጣፋጭ ይተዉ፣ ቅጠላ ቅጠል ያብዙ፣ ሳይረዳ አይቀርም አለቻቸው። ማለዳ ሳህኑን ይዞ በየደጁ የሚያልፍ መነኩሴ ግን ይሄን ስጡኝ፣ ያን ተዉልኝ አይልም፤ ሳህኑ ውስጥ የገባውን ይበላል። ሰውም በሞተ ዘመዱ ስም የሚሰጠው ሟቹ ይወደው የነበረውን ነው። የዚያ ሰፈር ሙታን ደግሞ አንድ ሳይቀሩ ጣፋጭ ወዳጆች ነበሩ።

ታዊ እየተሳቀበት ሦስት ወር ቅጠሉን ይዞ ቆመ። ውሎ አድሮ ጥቂቶች ተከተሉት።

ትናንት አባ ለምርመራ ሄደው ነበር። የዓይናቸው ግፊት ካልወረደ ቀዶ ጥገና ነው ተብለው ነበር። በዚህኛው ጊዜ የወሰዳቸው የሰፈሩ ሹም በመኪናው ነው፤ ታዊን የጠየቀው የለም። ይህንንም በሆዱ ይዟል። እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር አድሮ ይኸው ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሟል።

አባ ቻሩን በባዶ እግራቸው መጡ።

«ዓይንዎ እንዴት ሆነ አባ?» አለች እትዬ ላማይ፣ ማንም ሳይቀድማት።

«ሃያ ስድስት የነበረው ግፊት አሥራ አምስት ገባ» አሉ። «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን እንጠብቀዋለን አለችኝ። ጠብታው ሠርቷል። ሚዛን ላይ ስታወጣኝ ግን ደነገጠች። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል! ምን እያበሉዎት ነው አለችኝ።»

«ምን አሏት ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሳህኔን ጠይቂው አልኳታ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት አሮጊት እልል አለች።

የዓይናቸው ግራ ዳር ጨለማ ስለሆነ አባ መላ አንገታቸውን አዞሩ። «ታዊ፣ አለህ?»

«አ... አለሁ አባ!» የሳህኑ ክዳን ተነሣ፤ ቅጠሉን በሁለት እጁ አስገባ።

እትዬ ላማይም ተጋፍታ ገባች። እጇ ላይ የሙዝ ቅጠል ጥቅል አለ።

«ቅጠል መድኃኒት ነው ብዬ ስንቴ ተናገርኩ! አይደለም እንዴ ታዊዬ? ንገራቸው እንጂ! ደግሞ የእኔው ይለሰልሳል፣ የአንተ እኮ ግንዱ ሁሉ አለበት!»

ለሦስት ወር ሲስላት የከረመው መልስ ምላሱ ጫፍ ደረሰች። አፉን ከፈተ።

ከፊት፣ መንገዱ ላይ አንድ ውሻ ተጋድሟል። አባ ቻሩን ደረሱበት፣ ማንም ሳይነግራቸው ቆም አሉ፣ እንዳይቀሰቅሱት በዳር በኩል ቀስ ብለው ዞረውት አለፉ።

ታዊ አፉን ገጠመ። ባዶ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ፣ እያፏጨ ወደ ቦዩ ወረደ።