እትዬ ስንዱና የሰባዎቹ ድራማ

«ጋሽ ተካልኝ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሚስት ይመታሉ?» ብዬ ኮሌታቸውን አነቅሁ። ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ሲጮሁ ሰምቼ ነው በሩን በርግጄ የገባሁት።

«እኔ አይደለሁም፣ ሙላት! ድራማው ነው!»

እውነትም እትዬ ስንዱ ሶፋው ላይ ናቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ ነጠላቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዓይናቸው ግን ከቴሌቪዥኑ አልተነቀለም። ሰፈሩን ያሳበደው የሰባዎቹ ዘመን ድራማ ነው፤ የቀበሌ ስኳር ሰልፍ እንኳ እዚያ ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ለድራማው ሠሪዎች የሞተ ዘመዱን ፎቶ የሰጠ ሰው ዘመዱን እዚያ ውስጥ ሲራመድ ያያል። ከቴሌቪዥኑ ጋር በመጣው ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ደግሞ ያ ዘመድ የሚቀምሰውን ዱላ በገዛ ገላው ይካፈላል።

እትዬ ስንዱ የሰጡት የወንድማቸውን የደምሰውን ፎቶ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት በአፈሳ ተወስዶ የቀረውን። አሁን ደምሰው ከሰልፉ እየተጎተተ ነው። ወታደሩ በሰደፍ ጎኑን ሲለው፣ የእትዬ ስንዱ ጎድን ቋ ሲል ሰማሁ።

«ይነሱ እንጂ! ሊሞቱ እኮ ነው!»

«ከተነሳሁ ዱላው በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። ዛሬም ብቻውን ይሙት?»

ጋሽ ተካልኝ ልባቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚስት ይመታሉ ብዬ የጠረጠርኳቸው ጀግና እንግዲህ እኚህ ናቸው። ወታደሩ ሰደፉን እንደገና አነሳ። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ሪሞቱን ፍለጋ ተንበረከክሁ።

እትዬ ስንዱ ደማቸውን ጠረጉና ሶፋው ላይ ጠጋ አሉልኝ።

«መሬት ላይ ምን ያንከባልልሃል፣ ጎረቤት? ለገላጋይ ቦታ አለ።»