ነፋስ የማያስገባው መስኮት

የሬሳ ሳጥኑ የኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከፊት የያዙት ወደ ግራ ገፉ፣ ከኋላ ያሉት ወደ ቀኝ ሳቡ፤ ጠርዙ ግድግዳውን ፋቀው እንጂ ንቅንቅ የለም። ከኋላ፣ በእናቱ ራስጌ በኩል የያዘው ልጇ የተፋቀውን ቀለም አየ። እንደገና መቀባት አለበት ብሎ አሰበ። ሌላ ምንም አላሰበም።

ግድግዳው የራሱ ሥራ ነው። ግድግዳው ብቻ ምን አለ፣ ቤቱ በሙሉ የእጁ ሥራ ነው። ለግንበኛ የሚከፍለው ስላልነበረው፣ ከሚሠራበት ሳሙና ፋብሪካ ሲወጣ እየመጣ ብሎኬቱን አንድ በአንድ ደረደረው። ሰፈርተኛው ሊያሾፍበት «ኢንጅነሩ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ቆርቆሮ ሲያጥረው ጣሪያውን ማስረዘም ትቶ ኮሪደሩን አጠበበና የተረፈውን ቦታ ለእናቱ ክፍል ሰጠ። ብልሃት መስሎት ነበር። እናቱ ገና ግድግዳው ሳይለሰን ኮሪደሩ መሃል ቆማ ክንዶቿን ብትዘረጋ ክርኗ ብሎኬት ነካ። «እኔ ትንሽ ወፈር ካልኩ በምን ልወጣ ነው?» ብላ ሳቀች። እሷ ደግሞ መወፈር የት ታውቃለች! አልጋዋን እንኳ ያስገቡት ፈታትተው ነው፤ የተገጠመው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው።

ጠዋት ሳጥኑ ባዶውን ሲገባ ቀላል ነበር። አቁመው አዞሩትና ገባ። ያኔ እንዴት ይወጣል ብሎ ያሰበ ሰው የለም፤ በእንዲህ ያለ ቀን ማን ምን ያስባል።

«እናቁመው» አለ ከፊት የያዘው የእህቱ ባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአንድ አፍታ ነው።»

እህቱ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ሆና ሰማችው። ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እናቴን ነው እንደ ቁም ሳጥን የምታቆሟት?»

ሁሉም ዞረው እሱን አዩት። ኢንጅነሩ እሱ ነዋ።

«መልሷት» አለ። «በመስኮቱ ነው የምትወጣው።»

«በር እያላት በመስኮት?»

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። አያስወጣም።»

ይህን ሲል ማፈር ነበረበት። ማልቀስም ነበረበት። እህቱ ከትናንት ጀምሮ አልቅስ እንጂ፣ ይወጣልህ እያለች ስትለምነው ነበር፤ እሱም አልሞከረም አይባልም፣ እምቢ አለው እንጂ። የተኙበት እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ሰውነቱ በሙሉ የሌላ ሰው መሰለው።

ሳጥኑን መልሰው አልጋዋ ላይ አሳረፉት። እሱ መዶሻና መሮ ይዞ መጣ፤ መስታወቱን በጥንቃቄ አወለቀና ግድግዳ አስደገፈው።

እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ደህና ነገር ቢኖር ይኸው መስኮት ነው። ወለሉ ስለሚያዘነብል ማድ ቤት የወደቀ ሽንኩርት ሳሎን ድረስ ይንከባለላል። በሮቹ ወይ አይገጥሙም፣ ወይ አይዙም። መስኮቱ ግን ሌላ ነው። እዚህ በገቡ ሰሞን እናቱ ነፋስ እየመታኝ ወገቤን ያዘኝ ብትለው፣ ነቅሎ እንደገና ገጠመው። የፍሬሙን ብረቶች ግድግዳው ውስጥ ጠልቀው እንዲገቡ አደረገና ለወለሉ ያስቀመጠውን ሲሚንቶ ሳይሳሳ ሞላበት። ወለሉ እንዲያ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ነው። ሲደርቅ እናቱ መዳፏን በጠርዙ ዙሪያ እያዞረች ነፋስ ፈለገች፤ አጣች። «አሁን ገና ቤት ሠራህ» አለችው።

አሁን እሱኑ ነው የሚቀጠቅጠው። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ክፍሉ ይናጋል፣ ፍሬሙ ግን ወይ ፍንክች! ውጭ የሚጠብቁት ሰዎች ተጠግተው ተራ እንያዝልህ አሉት፤ እምቢ አለ። የእህቱ ባል ሲያየው ቆየና «ይህንንስ አጥብቀህ ነው የሠራኸው» አለ፤ ካለ በኋላ ተጸጸተ። እሱ መዶሻውን እንደገና አነሳ። ሲሚንቶው የቱ ጋ እንደሚበዛ ስለሚያውቅ እዚያ እዚያው መታ። አቧራው ፊቱን አለበሰው። የእጁ ቆዳ ተላጠ፤ አላመመውም።

በመጨረሻ ፍሬሙ ተንቋቋና ወደ ውጭ ተገነደሰ። ክፍሉ በብርሃን ተሞላ። ነፋሱም አብሮ ገባ፤ የመኝታ ቤቱን በር በርግዶ ወደ ኮሪደሩ አለፈ።

ውጭ ያሉት እጃቸውን ዘርግተው አቀብሉን አሉ። እሱ ግን መዶሻውን መሬት ጥሎ ወደ በሩ ሄደ። ዘጋው። መቆለፊያው ስለማይዝ ተመልሶ ተከፈተ። እንደገና ዘጋውና በጀርባው ተደገፈው።

«ምነው? ና ያዝ እንጂ» አለው የእህቱ ባል።

«ነፋሱ በሁለት በኩል ሆነ» አለ። «ይመታታል።»

የእህቱ ባል ወደ መሬት አየ። ውጭ ያሉትም እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እህቱ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና መጣች። ትከሻውን ይዛ ከበሩ ላይ በቀስታ አነሳችውና በእሱ ቦታ ጀርባዋን አስደገፈች።

«እኔ ይዤዋለሁ» አለችው። «አንተ ራስጌዋን ያዝ።»

ሄዶ ያዘ። እናታቸው በመስኮቱ ወጥታ፣ የተሸካሚዎቹ ኮቴ ከግቢው እስኪርቅ ድረስ እህቱ በሩን አልለቀቀችም።