እስከ እሑድ

ፊቢ ትታው የምትሄደውን ደጅ እየጠረገች ነበር። ነጩ አሸዋ ላይ መጥረጊያው ያሰመረው መስመር ብቻ ቀረ። ከበለሱ ዛፍ ሥር ስትደርስ መጥረጊያዋን አነሣችና ዞራ አለፈች። ዶሮዎቹም እንደ እሷ ናቸው፤ ጥሬ ቢበተንላቸው እንኳ ዳር ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ እንጂ እዚያች ቦታ ላይ እግራቸውን አያሳርፉም።

ባሏ ሚንጎ ከታች፣ ከውኃው ዳር ተጣራ። ዕቃውን ጀልባዋ ላይ ጭኖ ጨርሷል።

«አንቺ ፊቢ! ለማን ነው የምትጠርጊው? ጌቶች እግራቸው አቧራ እንዳይነካው ነው?»

«መጣሁ አልኩህ!»

«ውኃው እየሸሸ ነው፣ ጀልባዋ ደረቅ ላይ ልትቀር ነው! እሱ ከእኛ በፊት ነፃ የወጣ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የለም!»

ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት ጦርነት አልቆ ባርነት ሲቀር፣ ደሴቱ የእናንተ ነው ተብለው ነበር። ባሪያ ሆነው ጥጥ በለቀሙበት መሬት ላይ ለራሳቸው በቆሎና ስኳር ድንች ዘሩ፣ በሉም። አሁን የቀድሞው ጌታ ምሕረት አግኝቶ ወደ መሬቱ ሊመለስ ነው። ነፃ ያወጧቸው ሰሜነኞቹ ወታደሮች ራሳቸው መጥተው፣ ወይ ለእሱ ለመሥራት ፈርሙ፣ ወይ ልቀቁ አሏቸው። ሚንጎ እምቢ አለ። አሮጊቷ እማማ ሴላ ግን ልጆቼ ከተቀበሩበት አልርቅም ብለው ፈረሙ። አሁን ከደጁ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ ምርኳዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ፊቢን ያዩዋታል።

«ጥሪና ሂጂ፣ ልጄ» አሏት።

በዚያ ደሴት ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ እናት ደጅ ላይ ቆማ ልጆቿን በየስማቸው ትጠራለች። የልጅ መንፈስ ጨዋታ ይወዳል፤ አካሉ መንገድ ሲጀምር እሱ ይዘገያል። ሳይጠራ የሄደ ልጅ በሄደበት አገር እህል አይጥመውም፣ እንቅልፍ አይወስደውም። ደርሶ ለሚመለስ ግን አይጠራም። እንደማይመለስ ያስቆጥራል፤ ሟርት ነው።

ፊቢ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ጀርባዋ ላይ ያዘለቻትን ሕፃን አስተካከለች።

«ዳፍኒ! ነይ እንሂድ! እዚህ እንዳትቀሪ!»

ሕፃኗ ስሟን ስትሰማ ሳቀች።

«ሌላይቱንስ?» አሉ እማማ ሴላ።

የፊቢ ዓይን ወደ በለሱ ሄደ። ትልቋ ልጇ ቴና የወለቀው የፊት ጥርሷ ሳይተካ፣ እዚያ ሥር ተቀምጣ አተር ስትፈለፍል ነው የወሰዷት። «እስከ እሑድ ነው» አለች እመቤቲቱ፤ «ቻርለስተን ከተማ ላለብን ሠርግ ታግዘናለች፣ እሑድ ትመለሳለች።» ልጅቷ ጋሪ ላይ ልወጣ ነው ብላ በደስታ ጎድጓዳውን ሳህን እንኳ እዚያው ጥላ ሮጠች። ፊቢም ልትጠራት ስሟ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ሟርት እንዳይሆን ብላ ዋጠችው። እሑድ መጣ፣ ሌላም እሑድ መጣ። ጋሪ ነጂው ነው በመጨረሻ የነገራት፤ ከተማ እንደገቡ ተሸጣለች። ለማን እንደሆነ አያውቅም።

«አልጠራትም፣ እማማ። ያለ መንፈሷ ነው የሄደችው። አሁን ሰው ሁሉ የጠፋበትን ፍለጋ መንገድ ላይ ነው፤ እሷም በሕይወት ካለች ወደዚህ የሚስባት እዚህ የቀረው መንፈሷ ነው። ይዤባት ከሄድኩ በምን መንገዱን ታገኘዋለች?»

«እኔ ክረምቱን የምዘልቅ እመስልሻለሁ?»

«እንዲህ አይበሉ።»

«ሽማግሌ አታባብዪ፣ ጥርስ የለኝም እንጂ ዓይን አለኝ። ከእኔ በኋላ እዚህ ከእሷ ጋር ማን ይቀመጣል? እነሱ?» አሮጊቷ ምርኳዛቸውን ወደ ጌቶቹ ትልቅ ቤት ቀሰሩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ተኩሱ የበረታ ጊዜ ሁላችሁም ጫካ ገባችሁ፣ እኔ እግሬ እምቢ ብሎኝ ቀረሁ። ሌሊቱን የልጅሽ መንፈስ በሬን ስትገፋ አደረች። ቀስ እያለች፣ እንደ ልጅ። ሰው ሲጠፋባት እኮ ነው፣ ፊቢ። ባዶ ቤት ትፈራ ነበር።»

ፊቢ ግድግዳውን ያዘች። ያ ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁንም መጀመሪያ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ቴና!»

ከታች ሚንጎ ቸኩሎ ጀልባዋን ይመታበት የነበረው መቅዘፊያ ቆመ።

«ቴና፣ እናቴ! ነይ ከእኔ ጋር! እሑድን አትጠብቂ!»

ነፋስ የለም። የበለሱ ቅጠል አልተነቃነቀም። ቀይዋ ዶሮ ግን ከዳር ተነሥታ፣ ባልተጠረገው መሬት መካከል ገባችና በሁለት እግሯ መጫር ጀመረች።

እማማ ሴላ ዶሮዋን አዩ። ፊቢም አየች። 

«ልጅቷ በአካል ብትመጣ ምን ልበላት?» አሉ አሮጊቷ።

«ከእናትሽ ጋር ሄደሻል ይበሏት። የሚንጎ ወንድም ዘንድ፣ ከውኃው ማዶ።»

የጠራ ሰው ወደ ኋላ አያይም። ፊቢ አንገቷን ሳታዞር ቁልቁል ወረደች፤ የጠበበ ቦታ ላይ ስትደርስ ሳታስበው ወደ ጎን እያለች፣ ልጅ እንደያዘች ሁሉ እጇን ከሰውነቷ ትንሽ ራቅ አድርጋ።

ሚንጎ ጀልባዋን በእጁ ይዞ ቆሟል። ይቀልዳል ብላ ጠበቀች። አልቀለደም። አሻግሮ የኋላዋን መንገድ አየ፣ ከዚያ እሷ ከምትቀመጥበት ጎን ያለውን የብረት ድስት አንሥቶ በእግሮቹ መካከል አደረገው። ድስቱ የነበረበት ሳንቃ እርጥብ ነበር። እጅጌውን ስቦ ጠረገው።