ምራቁን ያልዋጠ ሰው

እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም በመጋረጃው ክፍተት ያየሁትና የሰማሁት ነው፤ ዘመኑ ስለራቀ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ስትሮክ የመታውን ሽማግሌ አንዲት ሐኪም ትመረምረው ነበር። መዋጥ ካቃተው በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ሊገባለት ነው።

«አባባ፣ ምላስዎን ያውጡ።» ምላሱ ወደ ግራ ተጣመመ። «አ ይበሉ።» እንጥሉም ወደ አንድ ጎን ተሳበ። ይህን ሁሉ የሚያዙት በቀጥታ ከአንጎል የሚወጡ ነርቮች መሆናቸውን ኋላ ከመጽሐፍ ነው የተረዳሁት።

ጣቶቿን ማንቁርቱ ላይ አሳረፈች። «አሁን ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉት።»

«እሱ ደግሞ መቼ ምራቁን ውጦ ያውቃል?» አለች ሚስቱ። «ሠላሳ ዓመት ስድቡን ስውጥ የኖርኩት እኔ።»

ሽማግሌው በግማሽ ፊቱ ሳቀባት።

ሐኪሟ አንድ ማንኪያ ውሃ ሰጠችው። ማንቁርቱ ንቅንቅ አላለም፤ ውሃው ግን ከአፉ ጠፋ። ሚስቱን ትን አላት።

«እስቲ ውጭ ይጠብቁን፣ እማማ» አለቻት ሐኪሟ።

ሁለተኛው ማንኪያ ሲገባ ሴትየዋ ኮሪደሩ ላይ ስትስል ተሰማ። የጀመርኩት ጸሎት ከአፌ ጠፋ።

ሐኪሟ መልሳ አስገባቻትና እጇን በሴትየዋ ጉሮሮ ላይ አድርጋ ወደ አልጋው ዞረች። «ይዋጡ፣ አባባ።»

ከጣቶቿ ስር የሚስቱ ማንቁርት ወጣ፣ ወረደ።

ከዚያ ሽማግሌው በደህናው እጁ ትሪው ላይ እንፋሎቱ ወደሚወጣው ሾርባ ጠቆመ። ሴትየዋ ባሏን በጥላቻ አየችው።

«እሺ፣ ይብላ» አለች በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ ይብረድ።»