የይርጋነሽ ምጥ

ሳቢራ ከሞጣ ቢቸና ድረስ የመጣችው ሰው ለማስደሰት አልነበረም። የቢቸናው ድርጅት ምጥ የያዛት ሴት ስትደውል በአቅራቢያዋ ያለውን አምቡላንስ ፈልጎ የሚልክ ሶፍትዌር ሠርቷል። ሞጣም ይውሰደው አይውሰደው የሚለው በእሷ እጅ ነው። ሥራዋ ድርጅቱ ሶፍትዌሩን በደንብ መሞከሩን ማጣራት ነው። ታናሽ እህቷ ኢናስ አምና ምጥ ይዟት መኪና ስትጠብቅ ልጇን አጥታለችና ሳቢራ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ኃይለ ሚካኤል ኮምፒውተሩን አዞረላት። የሙከራው ውጤት ከላይ እስከ ታች «አልፏል» ይላል።

«አንድም ስህተት የለም?»

«የለም።»

ነገሩ አልጣማትም። የማይሳሳት ሶፍትዌር አይታ አታውቅም፤ ሳይሞክር ሞከርኩ የሚል ድርጅት ግን ሞልቷል።

«ማን ነው የሚሞክረው?»

«ይርጋነሽ የምትባል ሠራተኛ አለችን። ቢሮ አትቀመጥም።»

የስም ሠራተኛ ናት ማለት ነው፣ አለች ሳቢራ በልቧ።

ኃይለ ሚካኤል ፊቷን አይቶ ማስረዳት ጀመረ። «የስልክ ቁጥሩን በየቀበሌው ከለጠፍን ገና ሳምንታችን ነው፤ የእውነት ጥሪ አልመጣም። እሷ ግን በየቀኑ ረፋድ ላይ ከገበያተኛ ስልክ ተውሳ፣ ምጥ እንደያዛት ሆና ትደውላለች። ከየት፣ በማን ስልክ እንደምትደውል እኛም አናውቅም። መኪናው መነሳቱን ካየን በኋላ "ሙከራ" የሚለውን ቁልፍ ተጭነን እንመልሰዋለን። ነዳጅ በከንቱ ለምን ይቃጠላል?»

ተናግሮ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ፤ የሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ኧረ ማርያም! ኧረ ድረሱልኝ፣ ብቻዬን ነኝ!»

አምቡላንሱ ወዲያው ሲነሳ በስክሪኑ ላይ ታየ። ኃይለ ሚካኤል ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለና «ሙከራ» የሚለውን ተጫነ። መኪናው ተመለሰ።

«ዛሬስ አበዛችው» አለ።

ሳቢራ ግን እህቷ ትዝ አለቻት። ኢናስም እንዲህ ነበር የጮኸችው። የስም ሠራተኛ ማለቷ አሳፈራት።

ጥቂት ቆይቶ ስልኩ እንደገና ጮኸ። «መኪናው የት ደረሰ? ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ ስለ እግዚአብሔር!»

«ደጋግሞ የሚደውል ሰው ቢመጣስ ብላ እኮ ነው» አለ ኃይለ ሚካኤል፣ እያደነቀ። ደግሞ ተጫነ።

ሳቢራ ከዚህ በላይ የምታጣራው አልነበራትም። ለሙከራው ሙሉ ነጥብ ሰጥታ ፈረመች። «እህቴ ያን ጊዜ እንዲህ የሚጨነቅላት ቢኖር ኖሮ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኃይለ ሚካኤልም አንገቱን ደፋ።

ስልኩ ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ሻይ ቀርቦላቸው እየጠጡ ሳለ በሩ ተከፈተና አቧራ የለበሰች ሴት እያለከለከች ገባች።

«ይርጋነሽ ማለት ይቺ ናት!» አለ ኃይለ ሚካኤል በኩራት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ከግንደወይን ስመጣ መኪናው ተበላሽቶብን ነው» አለች ይርጋነሽ። «የዛሬውን አሁን ልደውል?»