ሠላሳ ስምንት ቁጥር

አባዬ በአንድ ጣቱ ነው የሚተይበው፤ ፊደሉን ፈልጎ ሲያገኝ የሊፍት ቁልፍ ይመስል ጠበቅ አድርጎ ይጫነዋል። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ «ቁጭ ብዬ ከማረጅ ኮድ አስተምሪኝ» አለኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዬ ሆኗል።

ከጠረጴዛው ሥር አዲሱ ጫማ ጣቶቼን ጨምቆ ይዟቸዋል። ትናንት እንደ ልማዱ ለእኔና ለመንታ እህቴ አንድ ዓይነት ጫማ ገዝቶልን ነበር፤ ሁለቱም ሠላሳ ሰባት። የእሷ እግር ሠላሳ ሰባት ነው፣ የኔ ሠላሳ ስምንት። ቅር እንዳይለው ብዬ ስንት ዓመት ዋጥ አድርጌዋለሁ፤ እሱ ፊት የሱን እጫማለሁ፣ ከበር ስወጣ በቦርሳዬ በያዝኩት የልኬ ጫማ እቀይረዋለሁ። ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ይኸው ሳልነግረው ትምህርቱን ጀምረናል።

«ክላስ ባዶ ቅጽ ነው፣ ኦብጀክት የተሞላው ነው አላልሽም?» ይላል። «ይኸው ሁለታችሁንም ሞላኋችሁ።»

«ልጅ» የሚል ክላስ ሠርቷል። እህቴን «ታላቅ» ብሎ ፈጥሮ ጫማዋን 37፣ ቀለሟን ቀይ ብሏል። ቀጥሎ ግን «ታናሽ = ታላቅ» ብሎ ጽፎ፣ የኔን ቀለም ብቻ ወደ ሰማያዊ ቀይሯል። ፕሮግራሙን ሲያስነሳው ሁለታችንም ሰማያዊ ሆነን እንወጣለን።

«ምነው፣ እሷን ማን ነካት?»

«የእጅህ ሥራ ነዋ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እያልክ አሳድገኸን፣ አንተው በአቋራጭ?» እስቃለሁ። «ይቺ መስመር አዲስ ልጅ አትፈጥርም አባዬ። ለታላቅ ሁለተኛ ስም ነው ያወጣህላት።»

«ታናሽስ የታለች?»

«ገና አልተወለደችም።»

ለቀልድ ነው ያልኩት። እሱ ግን አይስቅም። መነጽሩን አውልቆ ይጠርግና መልሶ ያደርገዋል። ከዚያ መስመሩን አጥፍቶ ለኔ አዲስ ቅጽ ይከፍታል። ቀለም፣ ሰማያዊ። ጫማ የሚለው ጋ ሲደርስ 3ን ይጫንና፣ ጣቱ 7 ላይ ሊያርፍ ሲል ይቆማል።

«ጫማሽ ስንት ቁጥር ነው፣ ልጄ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስምንተኛ ክፍል።»

ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ያያል። «አይ እኔ!» ይላል ቀስ ብሎ። ቀና ይልና 8ን እንደ ልማዱ ጠበቅ አድርጎ ይጫናል።

ታላቅ፣ ቀይ፣ 37። ታናሽ፣ ሰማያዊ፣ 38። ስክሪኑ ላይ ራሴን ሳይ እንደ ሕፃን ደስ ይለኛል።

«በይ አውልቂው» ይላል አባዬ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

አወልቀዋለሁ። ጣቶቼን ቀዝቃዛው ወለል ላይ እዘረጋቸዋለሁ።