አራት ፊት

የጥበቃ ፕሮግራሙ የማያውቀው ፊት ደጃፉ ላይ ከቆመ የማንም ቤት በር አይከፈትም፤ ሕጉ ነው። የየሺመቤት ኮምፒውተር ግን አርጅቷል። ፕሮግራሙን ተሸክሞ የሚተርፈው ሜሞሪ ለአራት ፊት ብቻ ይበቃል፦ ለእሷ፣ ለልጇ ለትርሲት፣ ለአማቿ ለደምሰው፣ ከሰባት ዓመት በፊት ወጥቶ ለቀረው ልጇ ለይርጋ።

ነገ የትርሲት ሕፃን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እስከ ክርስትናዋ ሕጉ አይቆጥራትም፤ ከነገ ጀምሮ ግን ፊቷ ካልተመዘገበ ቤቷ አትገባም።

«እማማ፣ የይርጋን እናጥፋ» አለ ደምሰው።

«ያንተን ለምን አናጠፋም?»

«እኔ በየቀኑ እገባለሁ እኮ!»

«እሱስ ነገ ቢመጣ? እንደ ሌባ ደጅ ሊቆም ነው?»

የሺመቤት ጠረጠረች። ይህ ሰው መጀመሪያ የይርጋን አልጋ ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ፊቱን ፈለገ።

«ተወው፣ ሕፃኗን ራሴ እመዘግባታለሁ» አለች።

በማግስቱ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ከክርስትናው ቀረች። ሲመለሱ በሩ ለሕፃኗ ወለል ብሎ ተከፈተላት። ትርሲት ወደ ስክሪኑ ሄዳ ፊቶቹን ቆጠረች። ይርጋ አለ።

«እማዬ! ያንቺስ?»

«እኔ ደግሞ የት እሄዳለሁ?» አለች የሺመቤት፤ ወንበሯን ከኮምፒውተሩ አስጠግታ፣ ዓይኗን ከደምሰው እጅ ሳትነቅል።